ለቅሶ ቤት የተቀበልኩት ቃል

ጡረታ ስወጣ ጋቢ አለበሱኝ፤ በመስታወት የተገጠመ የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ «በታማኝነትና በትጋት» ይላል። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜው ወጣሁና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። ባለቤቴ አልማዝ፣ «ሰው ሲሸለም ይሰቅለዋል እንጂ እንዲህ ይቀጣዋል እንዴ?» አለችኝ። ሚስማር የለም አልኳት። ሚስማር ገዝታ መጣች። መዶሻ የለም አልኳት። ይኸው በዚህ ስንጨቃጨቅ ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው። እውነተኛውን ምክንያት ግን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነበር። የኢንሹራንስ ኩባንያ የካሳ መርማሪ ነበርኩ፤ የሕይወት መድን ክፍል። ውል የገባ ሰው ሲሞት፣ በተለይ ከፈረመ ዓመት ሳይሞላው ከሞተ፣ ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት አንድ ሰው ይልካል። በእርግጥ ሞቷል? በምን ሞተ? ሲፈርም በሽታ ነበረበት? ነበረበት ከተባለስ፣ እያወቀ ደብቆ ነው? ይህን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። እንኳን ደህና መጣህ የሚል ሰው አይጠበቅም።

የጀመርኩት ዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ እየዋጥኩ ነው። ከዚያ ናዝሬት ተመደብኩ፣ ከዚያ ቃሊቲ፤ ቃሊቲ ላይ አረጀሁ። ቅርንጫፋችን ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ነበር፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ያለው ሻይ ይንቀጠቀጣል። አለቃ እንደ ጉድ አይቻለሁ። ማኅተሙን ኪሱ ከቶ ቤቱ የሚሄድ ነበር፤ ሲናደድ ወደ እንግሊዝኛ የሚገባም ነበር፤ ስንስቅበት ደግሞ የባሰ ይናደዳል። ደመወዙ ከወር ወር ያደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት የዝናብ ካፖርት የማይለያቸው ሰው። ሐዘን ቤት ሲገቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዜር ያጥናችሁ» ይሉና ከለቃሹ ጋር ፍራሽ ላይ ይቀመጣሉ። የቀረበላቸውን ንፍሮ ይዘግናሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ ተነሥተው ይወጣሉ። እኔ ከኋላቸው እየሮጥኩ፦

«ጋሼ፣ ቃል ሳንቀበል እኮ ነው የወጣነው!»

«አንተ ደምሴ፣ ምን ያስቸኩልሃል? ሟቹ እንደሆነ የትም አይሄድብህ።»

የሚመለሱት አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜም የሚጠይቁትን ሰው ለብቻው ያደርጉታል፤ ዘመድ ካለ «እስቲ ውኃ አምጡልኝ» ብለው ያስወጣሉ፣ ውኃው ከመጣ ደግሞ ሻይ ያምራቸዋል። መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው ያነቡና፣ «ቃልዎ ነው?» ይላሉ። ሰውየው ካመነታ ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጀምራሉ። አንዲት ባልቴት ዘንድ አራት ጊዜ ሲቀዱ አይቻለሁ፤ እኔ በረሃብ ልሞት ደርሼ ነበር። ሲወጡ፣ «ሲናገሩ ማንን ያዩ እንደነበር አየህ?» አሉኝ። አላየሁም። «ልጃቸውን ነው ያዩ የነበረው። ላንተ ያልተነገረ ቃል አትጻፍ።»

በዚህ በዝግታቸው ስንቱን አጋለጡ መሰላችሁ! አንዴ ተቀብሯል የተባለ ሰው አርባው በወጣ በሳምንቱ ሞጆ ፀጉር ቤት ውስጥ ጺሙን ሲላጭ አገኘነው። ጋሽ ወርቅነህ አጠገቡ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ፤ ሰውየው ሲነሣ፣ «ነፍስ ይማር» አሉት። ያን ቀን እስከ ቃሊቲ ድረስ ስንስቅ መጣን። እሳቸው ግን ሥራው የሌባ አደን አይደለም ይሉ ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኙ እውነተኛ ሐዘንተኛ ነው፣ ለእሱ ብለህ ነው ቀስ የምትለው። እኔም እሺ ጋሼ እላለሁ። አፌ እሺ ለማለት ሰንፎ አያውቅም።

እሳቸው ጡረታ ወጡና ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ታደለ የሚባል በያጅ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው።

ታደለ ቃሊቲ ውስጥ አነስተኛ የብየዳ ቤት ነበረው። ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት በባንክ ብድር ገባበት። ባንኩ የሕይወት መድን ግባ አለው፤ ገባ። ድንገት ቢሞት የቤቱን ዕዳ የሚዘጋው ኩባንያችን ነው ማለት ነው። ሰባት ወር እንኳ ሳይሞላው በጣፊያ ካንሰር ሞተ። ሚስቱን ወይንሸትን፣ ሁለት ሴት ልጆችን፣ ከሸኖ ለቀብሩ መጥተው በዚያው የቀሩ እናቱን እማማ አስካለን ትቶ ሄደ። ወንድሙ በሳምንቱ ወረቀቱን ይዞ ቅርንጫፋችን መጣ።

አርባውን መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። ለምን ብትሉኝ የማፍርበት ምክንያት ነው ያለኝ፦ መኪና ስለተገኘ። ቅርንጫፉ ያለችው አንዲት መኪና ናት፤ ያን ቀን ሾፌሩ በኮዬ ፈጬ በኩል የሚሄድበት ጉዳይ ነበረው። በታክሲ ተጋፍቼ ከምሄድ አልኩና ገባሁ።

ድንኳኑ ፈርሷል፣ ፍራሹ ግን ገና መሬት ላይ ነው። ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። እማማ አስካለ ጥግ ላይ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። የልጃቸው በሽታ ምን እንደነበር የሰሙት ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ሐኪሞች ከወራት በፊት እንዳወቁትም ያን ሰሞን ከሰው አፍ አምልጦ ጆሯቸው ደርሷል። «ልጄ ሳይነገረው! ልጄ ሳይናዘዝ፣ ሳይቆርብ፣ እንደ ባዳ ሰው ሄደብኝ!» ይላሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

እኔም ተቀመጥኩ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አልኩ፣ ንፍሮም ዘገንኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሾፌሩ ታች ጡሩምባውን ነፋ። ወደ ወይንሸት ጠጋ ብዬ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሥራ ነገር ሆኖብኝ ነው። ሟች በሽታቸው ምን እንደሆነ ሐኪም ነግሯቸው ነበር?» አልኳት።

ልቅሶው ቀጥ አለ። እማማ አስካለ ቀና አሉ። ወይንሸት ለእኔ አልመለሰችም፤ አማቷን እያየች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

«አዎ፣ ያውቅ ነበር። ሐኪሙ ገና ከመጀመሪያው ነው የነገረው። እማዬ፣ ልጅዎ አውቆ፣ ንስሐ ገብቶ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሞተው። እንዳይጨነቁ ብሎ ነው ለእርስዎ ያልነገረዎት።»

እማማ አስካለ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «ተመስገን! ተመስገን አንተ ጌታ!» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን» አለ። እኔ ጻፍኩ። በእስክሪብቶ። ከዚያም የጋሽ ወርቅነህን ደንብ ያከበርኩ መስሎኝ፣ እዚያው፣ አሮጊቷ እየሰሙ፣ አነበብኩላትና «ቃልዎ ነው?» አልኳት። ምን ትበል? «ነው» ብላ ፈረመች። ማንን ታይ እንደነበር አይቻለሁ። ዓይኔ ደህና ነበር።

በማግስቱ የፈቃድ ደብዳቤ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ፣ የሕክምና ካርዱን አወጡልኝ። የምርመራው ውጤት የተጻፈው ታደለ ውሉን ከመፈረሙ ሁለት ወር በፊት ነው። በገጹ ጠርዝ ላይ ግን ሐኪሙ በጥድፊያ ያሰፈረው ነበር፦ ለሚስትና ለወንድም ተነግሯል፤ በቤተሰብ ጥያቄ ለታማሚው አልተነገረም። ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። እኔም አባቴን እንዲሁ ነው የቀበርኩት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ «ብርድ ነው አባባ፣ ይለቅዎታል» እያልኩ። ጽሑፉን ማስታወሻዬ ላይ ቃል በቃል ገለበጥኩት።

ለኃላፊያችን አሳየሁት። የሪፖርቱን ቅጽ ገልጦ አየና፣ «እዚህ የሚጠየቀው የበሽታው ዓይነትና የታወቀበት ቀን ነው። ስለ ማወቁ ደግሞ የሚስቱ ፊርማ እጃችን ላይ አለ። እንደ ፈለግህ አድርግ» አለኝ። ቢያስፈራራኝ ኖሮ ዛሬ በእሱ አሳብብ ነበር። አላስፈራራኝም። እኔው ነኝ የተውኩት። አምስት መስመር መጨመር ሰነፍኩ፣ ደግሞም መኪና ስለተገኘ ለቅሶ ቤት ገብቼ ቃል መቀበሌ እንዲወራ አልፈለግኩም።

ኩባንያው አልከፍልም አለ። ወይንሸት ከሰሰች፤ ይልቁንም የታደለ ወንድም ጠበቃ ይዞ በስሟ ከሰሰ። ጠበቃው ጎበዝ ልጅ ነበር። ሟቹ በሽታውን ስላላወቀ ደበቀ ሊባል አይችልም ብሎ ጻፈ፤ የካርዱ ጠርዝ ላይ የሰፈረውን ግን አላየም። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህች ላይ ነው፦ አውቆ ደብቆ ከፈረመ ውሉ ይፈርሳል፣ ቤቱም ይሄዳል፤ ሳያውቅ ከፈረመ ኩባንያው ይከፍላል።

ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ እማማ አስካለ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ወንድምየው እንዳይመጡ ለምኗቸው ነበር አሉ፤ «የልጄ ስም ሲጠራ እኔ ቤት አልቀመጥም» ብለው መጡ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ከሕክምና ማስረጃው ላይ፣ ለሟች ተነግሯቸው ነበር ወይስ አልተነገራቸውም የሚለውን የሚያሳይ ሌላ ያገኙት ነገር አለ?»

ማስታወሻዬ በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር። ደረቴን ሲነካኝ ይሰማኛል።

«ለጉዳዩ ያስፈልጋል ያልኩትን ሁሉ በሪፖርቴ አስፍሬያለሁ፣ ክብርት ዳኛ» አልኩ።

አያችሁ፣ ውሸት የለበትም። የኩባንያው ነገረ ፈጅ ከፊት ሆኖ ራሱን ነቀነቀልኝ። ጥሩ መለስክ ማለቱ ነው። እኔም ጥሩ የመለስኩ መሰለኝ፤ የዚያን ዕለት ምሳዬን ደህና አድርጌ በላሁ።

ቀጥሎ ወይንሸት ተጠራች። ዳኛዋ ወረቀቱን አሳዩአት።

«ጠበቃዎ ባለቤትዎ አላወቁም ይላሉ። እዚህ ላይ ደግሞ ያውቅ ነበር ብለው ፈርመዋል። የቱ ነው እውነቱ?»

ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች። እማማ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። ጠበቃው ከንፈሩን ነከሰ። እኔም አየኋት፤ ንገሪ እንጂ፣ ምን ነካሽ፣ ንገሪና እኔንም አውጪኝ እያልኩ በሆዴ።

«የፈረምኩት ነው» አለች።

ሌላ ቀን ፍርዱ ተነበበ። ተጠቃሚዋ ራሷ በፊርማዋ ያረጋገጠችው በመሆኑ ሟቹ በሽታውን እያወቀ ደብቆ ውል ገብቷል፤ ውሉ ፈራሽ ነው፤ ኩባንያው ኃላፊነት የለበትም። በእኔ አእምሮ ዳኛዋ አላጠፉም። የቀረበላቸውን ነው የፈረዱት፤ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ወንድምየው ይግባኝ እንበል ቢላት እንቢ አለች። ቤቱ ጨረታ ወጣ። አማቷንና ልጆቿን ይዛ ከቃሊቲ መናኸሪያ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየች፤ መጋዘን ውስጥ ቦሎቄ ለቀማ ገባች።

በዚያ ሰሞን ጋሽ ወርቅነህ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩና ነገሩን አወራኋቸው። እንዳታለለችን አድርጌ ነው የጀመርኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አነበብክላት?»

«አንብቤላታለሁ ጋሼ።»

«የት?»

«እዚያው ለቅሶው ላይ።»

«እናቲቱ ባሉበት?»

ሻዬ ላይ ሳቀረቅር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ሻይህን ጨርስና ሂድ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም። በቀብራቸው ላይ ከሁሉ ሰው በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ደግ ተማሪ ነበር ብሎ አዘነልኝ።

ከዚያ ወዲያ ዓመታት ሠራሁ፣ አርባ ሳይወጣ የሰው ደጅ አልረገጥኩም። ምን ይጠቅማል? የመጋዘኑ በር ላይ ሴቶቹ ሲወጡ ካየሁ መንገድ እቀይር ነበር። ዛሬ በእኔ ቦታ የገቡት ልጆች ቃል የሚቀበሉት በስልክ ነው፤ ሰውየው ማንን እያየ እንደሚናገር የሚያይ የለም። እንዴት ይሠራሉ ብዬ ልወቅስ እልና ያለ ስልክም እንዴት እንደሠራሁ ትዝ ይለኛል።

ዘንድሮ የቅርንጫፉ የድሮ ጥበቃ ደወለልኝ፤ ወይንሸት ተከራይታ ያለችበት ግቢ ጎረቤት ነው። እማማ አስካለ ማረፋቸውን ነገረኝ። ቀን ቆጠርኩ። አርባው ወጣ። በአርባ አንደኛው ቀን ያቺን ማስታወሻ ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

ፀጉሯ ሸብቷል። ጣቶቿ በለቀማ ደድረዋል። ወዲያው ነው ያወቀችኝ።

«ደግሞ ማንን ሊያጣሩ መጡ?» አለችኝ።

«ማንንም። ጡረታ ወጥቻለሁ። እግዜር ያጥናዎት ልል ነው።»

ወንበር ሰጠችኝ። እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በኋላ፣ «ያን ቀን የወሰዱብኝን ቃል ይመልሱልኝ» አለች።

«እሱ እኮ አሁን ፍርድ ቤት ቢሄድም...»

«ፍርድ ቤት አላልኩም! ትልቋ ልጄ ናት። የፍርዱን ወረቀት አግኝታ አንብባዋለች። አባቴ እያወቀ ዋሽቶ ፈርሞ ነው ቤታችን የተወሰደው ትላለች። ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳዋለች። እማዬ በሕይወት እያሉ እውነቱን ማውጣት አልቻልኩም። አሁን ብነግራት ደግሞ፣ እሱን ለማዳን ነው የምትይው፣ ፍርድ ቤት ምን ብለሽ ነበር አለችኝ።»

የልጅቷን ደብተርና እርሳስ አቀረበችልኝ። እኔን እያየች ነው የተናገረችው፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ እሷንና ወንድሙን ለብቻ ጠርቶ ነገራቸው። ተስፋ እንዳይቆርጥ ብለው ጨጓራ ነው አሉት። የኢንሹራንሱ ወኪል ቅጹን ይዞ ቤት ሲመጣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከባድ ሕመም አለብዎት? ብሎ ሲጠይቀው ታደለ ሳቀና፣ «ጨጓራ ብቻ፣ እሱም ሚስቴ በርበሬ ስለምታበዛ ነው» አለ።

«ቤቱን ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት» አለች። «አፌን ብከፍት ሞቱን ልነግረው ነው።»

አነበብኩላት። አንድ ቦታ አስቆመችኝና «ሳቀ» የሚለውን «ከልቡ ሳቀ» አስባለችኝ። ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። ከዚያ ሳትጠይቀኝ ከሥሩ የራሴን ቃል ጨመርኩ፦ የሐኪሙን ጽሑፍ በዓይኔ ማየቴን፣ መገልበጤን፣ ከሪፖርቴ ማስቀረቴን። ማስታወሻዬን አብሬ አስቀመጥኩት። ወይንሸት አነበበችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ወረቀቱን ከደብተሩ ገነጠለችው።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ገባች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ግንባሯ ቁርጥ አባቷን ነው። እናቷ ወረቀቱን ሰጠቻት። ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ አባቷ የሳቀበት ቦታ ላይ ስትደርስ ያን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችውና ቀጠለች። ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ የታችኛው የእርስዎ ቃል ነው?»

«ቃሌ ነው» አልኳት።

«እና ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

ማንም አልጠየቀኝም ልላት አፌን ከፈትኩ። ተጠይቄ ነበር።